አሮጌ ቮልስ ከመግዛታችን በፊት

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ መስከረም 21 ቀን ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ግሸን ለመሳለም የዕቁብ ገንዘባችሁን ለአሮጌ ቮልስ ልታውሉ አስባችሁ ይሆናል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አዲስ ቀለም አያታላችሁ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነውና ወንበሩን አስነሥታችሁ ወለሉ በዝገት አለመበላቱን ተመልከቱ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሆነ የማራገቢያው ቺንጊያ ከላላ ዳገት ላይ ይግላል። ፍሬኑንም የምታምኑት መካኒክ ይፈትሸው። ሞተር ግሸን ቢያወጣ፣ ቁልቁለቱን በደኅና የሚያወርደው ፍሬን ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን በሙሉ ለሻጩ አትስጡ፤ ለጥገና የሚሆነውን አስቀሩ። የምታሳፍሩት ልጆቻችሁን ነውና!