ቁጥሩ ሞላ፣ ዓሣው የለም

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት የሚኖረው ግሪንባክ የተባለው የትራውት ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1937 ጠፍቷል ተባለ። የማዕድን ቁፋሮ፣ ልቅ የሆነ ማጥመድና ከሌላ አካባቢ ተወስደው ወንዝ ውስጥ የተለቀቁ ዓሦች ተባብረው አመናመኑት። ቆይቶ በተራራ ጅረቶች ውስጥ «ተገኘ» ተባለና እያራቡ ማሰራጨቱ ተጀመረ። በ1978 የፌዴራል መንግሥቱ ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አውጥቶ፣ ቀለል ባለው የስጋት መዝገብ ላይ አሰፈረው። በ1994 የግዛቲቱ መለያ ዓሣ ሆነ። ለዓሣው የወጣው የጥበቃ ዕቅድ ግብም በቁጥር ተቀመጠ፦ ራሳቸውን የቻሉ 20 መንጋዎች።

ጅረቱ ተቆጠረ፣ ዓሣው ተቆጠረ። የሚቆጠረው ዓሣ የማን ዘር እንደሆነ ግን በቅጡ አልተጣራም።

በ2012 ተመራማሪዋ ጄሲካ ሜትካፍና ባልደረቦቿ በሙዚየም ውስጥ በአልኮል ተነክረው ከመቶ ዓመት በላይ ከቆዩ ዓሦች ቅንጣት ሥጋ ወስደው ዲኤንኤውን መረመሩ። ለዓመታት በግሪንባክ ስም ሲራቡ ከነበሩት አብዛኞቹ የሌላ ተፋሰስ ዘመዶቹ ሆነው ተገኙ። እውነተኛው የቀረው በአንዲት ጅረት፣ በቤር ክሪክ፣ 6 ኪሎ ሜትር በሚሆን ውኃ ውስጥ ብቻ ነበር። እሷም በትውልድ ተፋሰሱ ውስጥ አይደለችም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አንድ የሆቴል ባለቤት ቱሪስት ለመሳብ ወስዶ የለቀቀባት ናት። የመንግሥት ስኬት የተባለው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖ ቀረ።

«በ1978 ማን ዲኤንኤ ይመረምር ነበር?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ መሣሪያው አልነበረም። ነገር ግን ማራቢያ ጣቢያዎች ለአሥርት ዓመታት ትራውትን ከተፋሰስ ወደ ተፋሰስ ሲያመላልሱ እንደኖሩ ይታወቅ ነበር። ይህ እየታወቀ የተራራ ጅረት ውስጥ የተገኘን ዓሣ ሁሉ አገር በቀል ማለት የመሣሪያ እጦት ሳይሆን የጥንቃቄ ጉድለት ነው። ቁጥር ለሪፖርት ይመቻል፤ ማንነትን ማጣራት ግን የተመዘገበውን ስኬት ሊያፈርስ ስለሚችል ማንም አይቸኩልለትም።

በ2022 በሄርማን ገልች ጅረት የተለቀቁ እውነተኛ ግሪንባኮች ያለ ሰው እጅ መራባታቸው ተረጋገጠ። መቆጠር ያለበት እንዲህ ያለው መንጋ ነው፦ ዘሩ የተጣራ፣ በትውልድ ተፋሰሱ ያለና ራሱን የሚተካ። እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ የአንድን ዝርያ ደረጃ ማሻሻል ዓሣውን አያድነውም፤ ጥበቃውን ነው የሚያላላበት።