የአብራሪው በርና የአብራሪው ሕመም

በአውሮፕላን የሚሄድ መንገደኛ ስለ ሞተሩ ይጠይቃል፤ ስለ አየሩ ጠባይ ይጠይቃል፤ ነጂው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ግን የሚጠይቅ የለም። ነጂውም እንደ ማናችንም ሥጋ ለባሽ ነው፤ ልቡ ይደክማል፥ አሳቡም ይታወካል። ይህ የሆነ እንደ ሆነ በሰማይ ላይ ምን ይደረጋል? ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የሥጋ ሕመም ሲሆን መንገዱ የታወቀ ነው። ሁለት አብራሪዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሥራው ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው ጭምር ነው። አንደኛው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ተገቢውን መልስ ያልሰጠ እንደ ሆነ ጓደኛው መሪውን ይረከባል፤ አስተናጋጆቹ ታማሚውን ከመሪው ያርቁታል፤ ከመንገደኞቹ መካከል ሐኪም ይፈለጋል፤ አውሮፕላኑም በቅርብ ወደሚገኝ ጣቢያ ይወርዳል። በ2024 ከሲያትል ወደ ኢስታንቡል ይበር የነበረ የቱርክ አየር መንገድ ዋና አብራሪ በጉዞ ላይ ሳለ ሞተ። ከሰባት ወር በፊት የጤና ምርመራውን አልፎ ነበር። ባልደረቦቹ አውሮፕላኑን በኒው ዮርክ በደኅና አሳረፉት።

የአእምሮ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ታማሚው አይወድቅም፥ እጁም ከመሪው ላይ አይነሣም።

በ2012 ጄትብሉ በተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አንድ ዋና አብራሪ ከኒው ዮርክ ወደ ላስ ቬጋስ ሲበር ንግግሩ ተዘበራረቀ። ከክፍሉ በወጣ ጊዜ ረዳቱ በሩን ከውስጥ ዘጋበትና በመንገደኝነት ይጓዝ የነበረ ሌላ አብራሪ አስገብቶ አማሪሎ በምትባል የቴክሳስ ከተማ አረፈ። እየጮኸ በሩን ይደበድብ የነበረውን ሰው መንገደኞቹ ይዘው በቀበቶ አሰሩት። ያ ጠንካራ በር ከመስከረም 11 ቀን 2001 አደጋ ወዲህ የተሠራው አጥቂ ከውጭ እንዳይገባ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ሁሉንም አዳነ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያው በር በእኛው አውሮፕላን ላይ ተዘጋ። በየካቲት 2014 ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይሄድ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና አብራሪ ለጥቂት ጊዜ ሲወጣ ረዳቱ ቆለፈበትና 202 ሰዎችን ይዞ ጄኔቭ አረፈ። ማንም አልተጎዳም። በ2015 የአዲስ አበባው ፍርድ ቤት በሌለበት ከ19 ዓመት በላይ እስራት ፈረደበት፤ የስዊስ ፍርድ ቤት ደግሞ ሕመምተኛ ነውና በኃላፊነት አይጠየቅም፥ ይታከም አለ። ለአንድ ድርጊት ሁለት ፍርድ!

በመጋቢት 2015 የሆነው ግን ፍርድም የማይደርስበት ነው። የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ባልደረባውን ውጭ ቆልፎበት ከ149 ሰዎች ጋር በፈረንሳይ ተራራ ላይ ተከሰከሰ።

ከዚያ በኋላ በአውሮፓ አንድ አብራሪ ሲወጣ አስተናጋጅ እንዲተካው ተመከረ፤ ምክሩም በ2016 ላላ። እኛ እንደሚመስለን ከመጀመሪያውም ብዙ የሚያስተማምን አልነበረም፤ አስተናጋጇ በወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አሳብ እንዴት ልታውቅ ትችላለች? ይልቅስ ነገሩ ያለው ከበረራው በፊት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለአብራሪ ግን በሽታውን የገለጠ እንጀራ የለውም። የጤና ወረቀቱ ከተያዘ ሥራው ቀረ፤ ስለዚህ ዝም ይላል፥ ወይም በስውር ይታከማል። የጀርመኑ አብራሪ የሆነውም ይኸው ነው፤ አንድ ሐኪም ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ወደ አእምሮ ሆስፒታል እንዲገባ መክሮት ሳለ አሠሪዎቹ አላወቁም።

ይህን ተረድተው የአሜሪካ ባለ ሥልጣኖች ከ2010 ጀምሮ አንዳንድ የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ አብራሪዎች በቁጥጥር እንዲበሩ ፈቅደዋል። አውሮፓም በ2018 ባወጣው ደንብ አብራሪ ጭንቀቱን መጀመሪያ ለሙያ ጓደኛው የሚያዋይበትን ዝግጅት አየር መንገዶች ሁሉ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ጓደኛ ጓደኛውን ይሰማልና ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጓደኛው "እስኪሻልህ ድረስ አትብረር" ቢለው የወር ደመወዙን ማን ይከፍለዋል? የፈረንሳይ መርማሪዎች በ2016 ባወጡት መግለጫ የጀርመኑ ረዳት አብራሪ ለበረራ ትምህርቱ የተበደረው 41 ሺህ ዩሮ ያህል ዕዳ እንደ ነበረበት ጽፈዋል።