ማማረጥ ጥጋብ አይደለም

«ስንቱ አንድ አጥቶ ይንከራተታል፤ አንተ ሁለት አግኝተህ ታማርጣለህ?» ይህች አነጋገር ከዩኒቨርሲቲ በወጣ ልጅ ሁሉ ላይ የምትወረወር ድንጋይ ሆናለች። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሳምንት «ና» ያሉት ምሩቅ ለመወሰን ሦስት ቀን ቢጠይቅ ጥጋበኛ ይባላል። ፈላጊው ብዙ፣ ሥራው ጥቂት በሆነበት አገር አባባሉ እውነት ይመስላል። እውነት ግን አይደለም። ሥራ አጥነት ምርጫን ብርቅ ያደርገዋል እንጂ ነውር አያደርገውም።

ከእኛ በፊት የነበሩት ይህ ጭንቅ ብዙም አልገጠማቸውም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ነበር፤ አብዛኛውንም በመምህርነት። በደርግ ዘመን ደግሞ ምሩቁን የሚመድበው መንግሥት ነበር። ምደባው ቢጣመም የሚወቀሰው መዳቢው ነው። ዛሬ ለአብዛኛው ምሩቅ መዳቢው ቀርቷል፤ ወቀሳው ግን አልቀረም፤ በምሩቁ ትከሻ ላይ ወርዷል። እንግዲህ የምርጫውን ሸክም ያሸከምነውን ሰው፣ ሲመርጥ ልንገላምጠው ምን መብት አለን?

አንድ ምሳሌ እናንሳ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያጠናች ልጅ ሁለት ጥሪ ደረሳት እንበል፤ አንዱ በወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት፣ ሌላው በአዲስ አበባ የማስታወቂያ ድርጅት። ዘመዶቿ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚለው ብሂል ያደጉ ናቸውና የሚጠይቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ይከፍላል? እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ ከሌላው ወገን እንነሣለን። «ማስታወቂያ ቋንቋን ያረክሳል፤ ወደ ተማሪዎችሽ ሂጂ» እንላታለን።

ጠቤ ከሁለቱም ጋር ነው፤ ይበልጥ ግን ከእኛው ጋር። ዘመዶቿ ቢያንስ የሚናገሩትን ያምናሉ፤ እርሷ የምትልከውን ገንዘብ የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም ሊኖር ይችላል። እኛ ግን ከከተማ ሳንወጣ እርሷን ወደ ገጠር እንሸኛለን። መምህርነትን «የተቀደሰ ሙያ» እያልን በመምህሩ ችግር ላይ የሚያምር ቃል እንደርባለን። የተቀደሰ መባል የቤት ኪራይ አይከፍልም። መምህርነትን በእውነት የምናከብር ከሆነ ክርክራችን መሆን ያለበት ከቀጣሪው ጋር እንጂ ከተመራቂዋ ጋር አይደለም።

ደግሞስ የወር ደመወዝ ብዕርን ይገድላል ያለው ማን ነው? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ዓለማየሁ ረጅም የዲፕሎማሲና የመንግሥት ሥራ ዘመን ያሳለፉ ሰው ነበሩ። በዓሉ ግርማ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅ፣ ኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» የተቀዳው በሥራው ምክንያት በቅርብ ካየው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ያው መጽሐፍ እንጀራውን አሳጣው፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የእነዚህን ሰዎች ሥራ የምንወድ ሁሉ ቢሮን የጥበብ ጠላት አድርገን መስበክ አያምርብንም። ጥያቄው ቢሮ ወይስ ትምህርት ቤት የሚል አይደለም፤ የሚያዩበት ዓይንና የሚጽፉበት ጉልበት ይተርፋል ወይ የሚል ነው።

ደመወዝ የሚለውን ቃል ልብ እንበለው። ሲፈታ ደምና ወዝ ነው። ደሙንና ወዙን የሚሸጥ ሰው ገዢውን ቢመረምር ምን ያስደንቃል? ግጥም ስናነብ በአንዲት ቃል ላይ ሰዓት የምናጠፋ ሰዎች የቅጥር ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ አይተን እንፈርማለን። ተመራቂ ሆይ፣ ውሉንም እንደ ግጥም ሰሙንና ወርቁን ለይተህ አንብበው! የተጻፈው ጥቅል ደመወዝ ነው ወይስ የተጣራ? ከደመወዝህ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ መጨመር አለበት፤ ይጨምራል? የግል ድርጅት ከሆነ የሙከራ ጊዜው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ60 የሥራ ቀናት ማለፍ የለበትም፤ አላለፈም? ዋስ ይጠይቃል? ለስንት ብር? «እናስተምርሃለን» ካሉህ በምላሹ ስንት ዓመት ታገለግላለህ? ይህ ሰሙ ነው።

ወርቁ በደብዳቤው ላይ አይጻፍም። እርሱን ለማግኘት እዚያው ቤት ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ፈልገህ ጠይቅ፤ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን «ማታ ቤትህ ስትገባ ምን ይተርፍሃል?» ብለህ። መጽሐፍ የሚገልጥ ጉልበት ይተርፈው እንደሆነ፣ ሲያጠፋ የሚያርመው አለቃ ያለው እንደሆነ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የማይችለውን ዛሬ የሚችል እንደሆነ ስማ። መልሱ ወረዳውን ሊያስመርጥ ይችላል፤ ማስታወቂያ ድርጅቱንም ሊያስመርጥ ይችላል። አስቀድሞ የተቀደሰም የተረገመም በር የለም።

አንድ ጥሪ ብቻ የደረሰውስ? ይያዘው፤ እንጀራ ነው። እርሱም ቢሆን ውሉን ከማንበብ የሚከለክለው የለም።

በርግጥ ጥጋብ የሚባል ነገር አለ። ለሁለቱም «እሺ» ብሎ፣ በአንዱ ቤት ሥራ ከጀመሩ በኋላ ለሌላው ዝም ማለት ጥጋብ ነው። በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ስሙ ከተጠባባቂ ዝርዝር የሰፈረ ሌላ ምሩቅ አለ፤ በየቀኑ ስልኩን የሚያይ። ለእርሱ የሚደረግለት ውለታ አለመምረጥ አይደለም። ጊዜ ወስዶ መምረጥ፣ ከመረጡም በኋላ ሳያድሩ «ሌላ ሰው ጥሩ» ብሎ መናገር ነው።