ጥር ላይ የሚቆረጥ የዕዳ ቀጠሮ

«ለገበሬ የመክፈያ ጊዜ ከሰጠኸው ይለምዳል።» ይህን የተናገሩት አንድ የመንግሥት ኃላፊ ናቸው፤ ስለ ውዝፍ የማዳበሪያ ዕዳ በተነጋገርንበት ስብሰባ ላይ። የተቃወማቸው ሰው አልነበረም። እንዲያውም ራሱን እየነቀነቀ የተቀበላቸው ብዙ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ አባባሉ የእርሳቸው ብቻ አይደለምና። በሰሜን ጎንደር ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅ እስከ አምባራስ፣ ዕዳ በተነሣ ቁጥር ከጠረጴዛው ወዲያ የሚሰማ ነው። ዝም ብዬ መስማቱ ስላንገፈገፈኝ ጻፍኩ።

ስለ ገበሬው ጠባይ አልከራከርም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቀጠሮው ለምን ጥር ላይ ይቆረጣል?

የአምባራስን ሰው እንውሰድ። አገሩ ከሰንቃበር አልፎ ወደ ጨነቅ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ ውርጭ ነው። ጤፍ አያበቅልም፤ የሰው ተስፋ ገብስና በግ ነው። ገብሱ ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል፤ ገና ጎተራ ሳይገባ ዕዳ ጠያቂው ደጅ ላይ ይቆማል። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩም የሚጠየቀው በዚያው ሰሞን ነው፤ መዋጮውም አይቀርም። እናም የአገሩ ገበሬ ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ እህሉን በአህያ ጭኖ ገበያ ይወርዳል። ሁሉም ሻጭ በሆነበት ገበያ ዋጋው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ነጋዴው ያንን ወር ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው ይኖራል። ሐምሌ ላይ ጎተራው የተሟጠጠበት ያው ገበሬ፣ ጥር ላይ በርካሽ የሸጠውን ገብስ በውድ ይገዛል።

እንበልና ዕዳውን ለመክፈል በጥር ዋጋ ስድስት ኩንታል ገብስ መሸጥ አለበት፤ ሰኔ ላይ ቢሆን ደግሞ አራት ኩንታል ይበቃዋል። ሁለቱ ኩንታል የት ገቡ? ለመንግሥት አንዲት ሳንቲም አልጨመሩም፤ ዕዳው ያው ዕዳ ነው። የልጆቹ የክረምት ቀለብ ነበሩ። ቀጠሮውን ጥር ላይ የቆረጠው ጽሕፈት ቤት ከገበሬው ጎተራ አውጥቶ ለእህል ነጋዴ ሰጣቸው። ዕዳውን በቀኑ መክፈል ያቃተው ሰው ደግሞ የሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ ይከለከላል። ያለ ማዳበሪያ የዘራው ማሳ አነስተኛ ምርት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በምን ሊከፍል ነው?

ይህ ዛሬ የተጀመረ ጉዳይ አይደለም። በ1987 ዓ.ም የተጀመረው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲያከፋፍል፣ ባንክ ብድሩን የሰጠው የክልሉን በጀት መያዣ አድርጎ ነበር። ዕዳው ካልተመለሰ ከበጀቱ ይቆረጣል። ስለዚህ ክልሉ ዞኑን፣ ዞኑ ወረዳውን፣ ወረዳው ቀበሌውን ያስጨንቃል፤ ከቀበሌው በታች ያለው ገበሬው ብቻ ነው። ማዳበሪያ ውሰድ ብሎ በኮታ ያደለው የልማት ሠራተኛ ምርቱ ሲገባ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ተመለሰ፤ የሚገመገመውም ስንት በመቶ እንደሰበሰበ ታይቶ ሆነ። ግምገማ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ጥር ላይ ሰብስቦ መገላገል ይፈልጋል። የገብስ ዋጋ በሰኔ ስንት እንደሚሆን የሚጠይቀው የለም።

ውጤቱን በ1993 እና በ1994 ዓ.ም አይተነዋል። ምርቱ ሞልቶ የበቆሎ ዋጋ አፈር በላ። ገበሬው ሸጦ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በማግሥቱ ድርቅ ተከተለ። ለማዳበሪያ ዕዳ የተሸጠ የእርሻ በሬና የታሰረ አባወራ ያኔ በብዙ ቦታ ነበር። በሬው የተሸጠበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት በምን ያርሳል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ማዳበሪያው በአብዛኛው እጅ በእጅ እየተሸጠ ነው። የቀረውን ዕዳ የምንሰበስብበት ልማድ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ኃላፊው ልመለስ። እርሳቸው ባለ ደመወዝ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ከቁጠባ ማኅበሩ ሲበደር ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ፣ ልጆቹ ጦማቸውን ሳያድሩ፣ በዓመት በሁለት ዓመት ይከፍላል። ጥር ላይ ሙሉውን ካላመጣህ ብሎ ያስፈራራው የለም። በየወሩ መክፈሉ አስለመደው፣ አባለገው የሚልም አልሰማሁም። ለራሱ ተገቢ ነው ብሎ የተቀበለውን ነገር ለአምባራሱ ገበሬ ሲሆን ማባለግ ነው የሚል ሰው ይህን ልዩነት ከየት እንዳመጣው ሊነግረን ይገባል።

ነጋዴውስ? የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ታክስ ከፋዩ በጽሑፍ ጠይቆ በቂ ምክንያት ካቀረበ፣ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ወይም ከፋፍሎ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ወለዱ አይቆምም፤ አንዱን ክፍያ ያሳለፈም ቀሪውን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ጥብቅ ነው፤ ግን ማመልከቻ የሚቀበል ሥርዓት ነው። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ደግሞ እስከ 2007 ዓ.ም የነበረ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም ባለው ላይ ወለድና ቅጣቱ እንዲነሣ መንግሥት ወሰነ። ውሳኔው መልካም ነበር፤ አልቃወመውም። ነጋዴው ምሕረት ሲደረግለት ግን ይለምዳል ብሎ የተነሣ ኃላፊ አላየሁም።

አገራችን ራሷስ? ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዬ ይሸጋሸግልኝ ብላ የጠየቀችው በ2013 ዓ.ም ነው። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም የዩሮ ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። መጋቢት 2017 ዓ.ም በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ ከመንግሥታዊ አበዳሪዎቿ ጋር በመርሕ ደረጃ ተስማማች። ስትጠይቅ ያቀረበችው ምክንያት አቅም ነው፤ እኛም ትክክል ነው አልን፤ ትክክልም ነው። የገበሬውም ምክንያት ይኸው አቅም ነው።

ደግሞ የምንናገረው ስለየትኛው አገር ነው? በ2013 ዓ.ም ክረምት የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በወረዳው ጭና ውስጥ ንጹሐን ሲገደሉ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ነበር። ብዙዎች እህላቸውንና ከብታቸውን አጥተዋል። በቀጣዩ ጥር ቀጠሮ የነበረበት ሰው በምን ይከፍል ነበር? በክልሉ ግጭት ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህም መንገድ በተዘጋ ሳምንት ጆንያው ገበያ አይደርስም፤ የዕዳው ቀን ግን ይደርሳል።

የምለው አጭር ነው። ዕዳው ይከፈል፤ ገበሬው ገንዘብ በሚያገኝበት ወቅት፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀጠሮ ይከፈል። በግ ያለው ለፋሲካ ይሸጣል፤ ገብስ ያቆየ ሰኔ ላይ ይሸጣል። የትኛው እንደሚሻለው ከገበሬው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይጠየቅ። የበጀት ዓመታችን ይዘጋል የሚለውን ሰበብም አልቀበልም፤ በጀቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ከጥር በኋላ አምስት ወር አለ።

ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት አንዱ ቅጂ ለገበሬው ይሰጥ። ዛሬ በቃል «እንታገሥሃለን» የተባለ ሰው፣ ኃላፊው በተቀየረ ማግሥት አዲሱ መጥቶ እኔ የማውቀው ነገር የለም ይለዋል፤ እርሱም የሚያሳየው ወረቀት የለውም።