ከአቅም ያለፈ ካፒታል

«ማርም ሲበዛ ይመራል» ይላሉ አበው። ነገሩ ስለ ገንዘብ ሲሆን ግን ብሂሉን የሚያምን ጥቂት ነው። በባንክ በሠራሁባቸው ዓመታት ከደባርቅም ሆነ ከዳባት የመጣ ነጋዴ «ካፒታል አነሰኝ» ሲል እንጂ «በዛብኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን መብዛቱ ከማነሱ ይልቅ ድምፅ የሌለው ገዳይ ነው እላለሁ።

ለመሆኑ ካፒታል በዛ የሚባለው መቼ ነው? ሥራው ሊያተርፍበት ከሚችለው ሲያልፍ ነው። 200 ሺህ ብር የሚበቃው የእህል መደብር በዓመት 60 ሺህ ብር አተረፈ እንበል፤ ገንዘቡ 30 በመቶ አፈራ ማለት ነው። በላዩ 300 ሺህ ቢጨመርለትና ገበያው አብሮ ባይሰፋ ትርፉ ያው 60 ሺህ ነው፤ ፍሬው ግን ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ጭማሪው በ17 በመቶ ወለድ የተገኘ ብድር ከሆነማ 51 ሺህ ብር ለወለድ ይሄዳል፤ ለባለመደብሩ የሚቀረው 9 ሺህ ነው። ብሩ መጋዘን ውስጥ ቢተኛም ወለዱ እንቅልፍ የለውም።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች በር ናት፤ እንግዳዋ ወቅት ጠብቆ ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲከተል ጎብኚው ቀረ። በቅሎ የሚያከራይ ሰው በቅሎውን ለእህል ጭነት ያሰማራታል፤ ቢብስ ይሸጣታል። በብድር የቆመ ባዶ ፎቅ ግን የት ይነዳል?

በትልቁ መዝገብም ያየነው ይህንኑ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በጋምቤላ ለዝናብ እርሻ ካበደረው ገንዘብ ብዙው መሬቱን ሳያለማ ቀረ፤ በ2010 ዓ.ም. ገደማ የባንኩ የተበላሸ ብድር ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር።

«ድሃ አገር ካፒታል በዛብኝ ይላልን?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የብዙዎቻችን ሕመም እጦት ነው። ሆኖም አበዳሪው የሚመዝነው ሥራውን ሳይሆን ለመያዣ የቀረበውን ቤት ከሆነ፣ ቤት ያለው ከሚያስፈልገው በላይ ይወስዳል፤ ሙያ ያለው ባዶ እጁን ይመለሳል። የአንዱ መትረፍረፍ የሌላው እጦት ነው። ስለዚህ ብድር በሥራው ልክ ይለካ፤ ሥራው ባደገ ቁጥርም በየደረጃው ይጨመር።

የሰሜን ገበሬ ጎተራው ሞላ ብሎ ገብሱን በጠባብ ማሳ ላይ አይደፋም። ዘር ከበዛ ቡቃያው እንደሚተናነቅ ያውቃል።