አኳሪየምም እርሾ ይፈልጋል

በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ውሎ አድሮ የማያመልጠው ልመና አለ፤ «ቤት ውስጥ እንስሳ እናሳድግ» የሚል። ውሻ ሳሎን ማስገባት ለብዙው ወላጅ ይከብዳል፤ የአፓርትመንቱ ባለቤትም ላይፈቅድ ይችላል። ስለዚህ ስምምነቱ ብዙ ጊዜ ዓሣ ላይ ይወድቃል። ዓሣ አይጮኽም፣ ጠጉር አያራግፍም፣ ሽርሽር ውሰዱኝ አይልም። ቅዳሜ ቤተሰቡ ሱቅ ይሄዳል፤ አሥር ጋሎን የሚይዝ አኳሪየም፣ ፊልተር፣ ባለቀለም ጠጠርና ስድስት ዓሣ በአንድ ደረሰኝ ተገዝቶ ይመጣል። ማታውኑ ውኃው ይሞላል፤ ዓሣዎቹም ይገባሉ።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ዓሣዎቹ አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ። ልጅ «ምግብ አብዝቼ ነው የገደልኳቸው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ ወላጅ «ግድ የለም፣ ሌላ እንገዛለን» ይላል። ሌላው ይገዛል፤ ያም ይሞታል። መጨረሻ ላይ ዕቃው ጋራዥ ይገባል፤ «ዓሣ ለኛ አይሆንም» ተብሎም ይዘጋል። ጥፋቱ ግን የልጁም የዕድልም አይደለም፤ የጥድፊያ ነው። አኳሪየምና ዓሣ በአንድ ቀን መገዛት የለባቸውም።

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። ዓሣ ከሰውነቱ አሞኒያ የተባለ መርዝ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይኸንኑ ይጨምራል። ጣናን በመሰለ፣ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍን ሐይቅ ውስጥ ይህ ከቁጥር አይገባም። አሥር ጋሎን ግን 38 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ዓሣው የራሱን ቆሻሻ መልሶ ይተነፍሳል። ከዚህ የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይህ ጉዳቱ በጣም አነስተኛ ሲሆን፣ ከውኃው ከፊሉን በየጊዜው በመቀየር ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 ቲሞቲ ሆቫኔክና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት በአኳሪየም ውስጥ ይህን ሁለተኛ ሥራ የሚሠሩት ቀድሞ ይታሰብ እንደነበረው ናይትሮባክተር ሳይሆኑ የናይትሮስፓይራ ወገኖች መሆናቸውን አሳይተዋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከሱቅ በመጣ ንጹሕ መስተዋት ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ፊልተሩና ጠጠሩ ላይ ተራብተው ሥራቸውን እስኪይዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ውኃው ጥርት ብሎ መታየቱ ምንም ማረጋገጫ አይደለም፤ አሞኒያ በዓይን አይታይምና።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ባሉት ምግብ ቤቶች እንጀራ የሚበላ ሁሉ፣ የጤፍ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ወዲያው ምጣድ ላይ ቢፈስ ዓይን እንደማያወጣ ያውቃል። እርሾ ገብቶበት ቀናት ማደር አለበት። እርሾ የሌለውም ከጎረቤት ይለምናል። በአኳሪየምም ያው ነው። ጤነኛ ዓሣ ለወራት ያኖረ ወዳጅ ካለ፣ ከእርሱ ፊልተር ቁራጭ ስፖንጅ ወይም እፍኝ ጠጠር ወስዶ፣ ሳይደርቅ አዲሱ ፊልተር ውስጥ ማስገባት የሳምንታቱን ጥበቃ በእጅጉ ያሳጥረዋል።

ንጽሕና ወዳድነትም እዚህ ላይ ጠንቅ ሊሆን ይችላል። የፊልተሩን ስፖንጅ የቧንቧ ውኃ ሥር በሳሙና ፈትጎ ማጠብ፣ ለሚቀጥለው ሊጥ የተቀመጠውን እርሾ እንደ መድፋት ነው። ስፖንጁ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ ተደርጎ ይመለሳል እንጂ አይፈተግም።

የሎስ አንጀለስ ውኃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከተማው የቧንቧ ውኃውን የሚያክመው በክሎራሚን፣ ማለትም በክሎሪንና በአሞኒያ ውሑድ ነው። ውኃን በባልዲ ማሳደር የሚለው የቆየ ምክር ለክሎሪን ይሠራል፤ ክሎራሚን ግን አንድ ሌሊት ስላደረ በንኖ አይጠፋም። ስለዚህ ክሎራሚንን እንደሚያከሽፍ፣ የሚለቀቀውንም አሞኒያ እንደሚይዝ መለያው ላይ የተጻፈበት የውኃ ማከሚያ መግዛት ግድ ነው። ውኃው ወደ አልካላይን ያደላ መሆኑም የአሞኒያን መርዝነት ያከፋዋል።

መንገዱ እንግዲህ ይህ ነው። አኳሪየሙ ይሞላ፤ ውኃው ይታከም፤ ፊልተሩና ማሞቂያው ይሥሩ። ዓሣ ሳይገባ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ አሞኒያ በመመሪያው መሠረት፣ ወይም ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመርበት። በመመርመሪያ ዕቃ ውኃው በየጥቂት ቀኑ ይለካ። የተጨመረው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ፣ ናይትሬት ብቻ ሲታይ አኳሪየሙ ደርሷል። ያን ጊዜ አብዛኛው ውኃ ተቀይሮ ሁለት ሦስት ዓሣ ይገባል፤ ሌላው ቀስ በቀስ ይከተላል። ቀድሞውኑ ዓሣ ያስገባ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ምግብ ይቀንስ፣ በየቀኑ ይለካ፣ መርዙ በታየ ቁጥር ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ውኃ በታከመ ውኃ ይቀይር።

«በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያ ከጨመሩበት ዛሬውኑ ይቻላል» የሚሉ አሉ። አንዳንዱ በእርግጥ ያፋጥናል፤ ነገር ግን ማረጋገጫው የጠርሙሱ ጽሑፍ ሳይሆን ልኬቱ ነው። «ወርቃማው ዓሣ ጠንካራ ነው፣ ይችለዋል» የሚሉም አሉ። ወርቃማው ዓሣ ቆሻሻው ብዙ በመሆኑ ለአዲስ አኳሪየም ጭራሽ የማይመከር ነው። «ለአንዲት ዓሣ ይህ ሁሉ ድካም?» ለሚለውም መልስ አለ። ዓሣን ለምግብ ማጥመድ አንድ ነገር ነው፤ ለደስታ ገዝቶ በገዛ እዳሪው ተመርዞ እንዲሞት መተው ሌላ ነገር ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የሞተ ዓሣ ግን አይለቀምም። ጥበቃው ራሱ ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። በየጥቂት ቀኑ የልኬቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ፍሪጅ ላይ የሚለጥፍ ልጅ፣ ሕይወት ያለው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቤት እንደሚሰናዳለት ይማራል። ይህን ቁም ነገር ማንም ሱቅ ከዓሣው ጋር አብሮ አይሸጥም፤ የሚያስተምረው ወላጅ ነው።