አፈራችንን ማን ይመርምርልን?

አፈር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እርሻንና መቃብርን ነው። ነገር ግን በየሐኪም ቤቱ ከሚታዘዙት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በርካቶቹ የተገኙት በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን በ1943 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የተገኘው ከዚሁ ነው።

ባክቴሪያ ሻጋታንም የሚገታ ነገር ያመነጫል። ኤልዛቤት ሄዘን በኒውዮርክ ከተማ፥ ራሼል ብራውን በኦልባኒ ሆነው ናሙና በፖስታ እየተላላኩ ሠሩ። አንደኛዋ ባክቴሪያውን ታሳድጋለች፤ ሁለተኛዋ ኬሚካሉን ታጣራለች። በቨርጂኒያ ከአንድ የወተት ከብት እርባታ ከተወሰደ አፈር ኒስታቲንን አግኝተው በ1950 አስታወቁ። ከመድኃኒቱ የተገኘውን 13 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገንዘብም ለሳይንስ ምርምር አዋሉት እንጂ ለራሳቸው አልወሰዱም።

ጠላት ግን አልተኛም። በ2019 መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሉት ሰው 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 አሥጊ ያላቸውን 19 የሻጋታ ዓይነቶች ዘርዝሯል። ይህ ሲሆን ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከዚህ ምርምር ወጥተዋል፤ ለጥቂት ቀን የሚወሰድና ለክፉ ቀን የሚቆጠብ መድኃኒት ትርፉ አነስተኛ ነውና። ነጋዴ የተወውን ዩኒቨርሲቲ ካላነሣው ማን ያነሣዋል?

«መሣሪያ የለንም» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ከመርዛማነት ምርመራ እስከ ሕሙማን ድረስ ያለው መንገድ ረጅምና ውድ ነው። አብዛኛውም ግኝት ቀድሞ የታወቀ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው እርምጃ ግን የሚጠይቀው አጋር፥ ሳሕን፥ ማሞቂያ ሣጥንና ትዕግሥት ነው። አገራችንም የአቢያታንና የሻላን የሶዳ ሐይቆች፥ የዳሎልን የጨው ምድር፥ የደጋውን ጥቁር አፈር ይዛለች። ከዚህ ሀብት የሚገኘው ጥቅም ለሕዝብ እንዲደርስ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቷል። ነገር ግን ያልመረመርነው ሀብት ምን ጥቅም ያካፍለናል?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የባዮሎጂ ተማሪ ከዕረፍት ሲመለስ ከትውልድ ቦታው አንድ እፍኝ አፈር ያምጣ፤ መምህራንም በላቦራቶሪው ሰዓት ጉዳት በማያደርሱ ጀርሞች ላይ ያስፈትኑት። ተስፋ የሰጠው ባክቴሪያ ከፈተና በኋላ አይጣል፤ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ኬሚስትሪ ክፍልም ንጥረ ነገሩን ይለይ። ሁለቱ ሴቶች በፖስታ ያደረጉትን፥ በአንድ ግቢ የምንኖር እኛ ማድረግ ያቅተናል?